ይርጋ ሲሉኝ ረጋልኝ አልኩ

ሸዋ ሮቢት ነው። አንድ እናት ከችሎት ወጥተው ዛፍ ጥላ ሥር አረፍ አሉ። ፊታቸው ፈክቷል። «ልጄ፣ ዳኛው ይርጋ አሉልኝ፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ነገሬ ረጋልኝ» አሉኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩት። «ክሱ በይርጋ ቀሪ ሆኗል» ይላል። ለጎረቤታቸው ያበደሩትን ብር ከእንግዲህ ከስሰው አያስመልሱትም ማለት ነው። እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው ጨነቀኝ።

በእሳቸው አይፈረድም። ለእኛ ለሸዋ ሮቢትና ለቀወት ሰዎች የሚረጋው ወተት ነው፣ አገር ነው፣ ልብ ነው። ልጃችንንም ይርጋ ብለን እንጠራለን። በሕጉ ግን የሚረጋው ሳይጠየቅ የቆየው ነገር ነው፤ እፎይ የሚለውም ባለዕዳው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 ውል ነክ ክስ የሚቀርብበትን ጊዜ፣ ሌላ ካልተደነገገ በቀር፣ 10 ዓመት አድርጎታል። ዳኛ ደግሞ ይርጋን በራሱ አያነሳም፤ ተከሳሹ ሲያነሳ ነው የሚያየው። ስለዚህ ቃሉን ያወቀ ይድንበታል፣ ያላወቀ ይቀማበታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

«ከመሐል ከፍሎዎት ያውቃል?» አልኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ዓመት ሽንኩርቱን ሲሸጥ 300 ብር ሰጥቶኛል። ገንዘቤ እንዳይጎድልብኝ ብዬ ለዳኛው አላነሳኋትም።»

ያቺ 300 ብር! ባለዕዳ ከዕዳው ቀንሶ ሲከፍል ዕዳውን አመነ ማለት ነው፤ ቁጥር 1851 የይርጋውን ቆጠራ ያቋርጠዋል፣ 10 ዓመቱም ከዚያ ቀን እንደ አዲስ ይጀምራል። የደበቋት ብር ነበረች ክሳቸውን የምታድነው።

«ሰበር» የሚለው ቃልም እንዲሁ ግራ ያጋባል። ስንቱ ሰው ቃሉን የሚያውቀው ከሰበር ዜና ነው፤ ሰበር ችሎት መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን የመጨረሻ ፍርድ የሚያርም መሆኑን የሚነግረው የለም። በአማርኛ አፍ የፈታን እኛ እንዲህ ከሆንን፣ ከአፋርና ከአርጎባ መንደር የሚመጣው ጎረቤታችንስ? ውሳኔው ሥር «ጊዜው አልፏል ማለት ነው» የምትል አንዲት መስመር ብትጻፍ ምን ይጎድላል?

ይግባኝ ለማለት 60 ቀን እንዳላቸው፣ ዛሬውኑ የሕግ ሰው ማየት እንዳለባቸው ነገርኳቸው። ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት።

«ተይ ክረምቱ ይለፍ፣ ተይ ማሾው ይድረስለት እያልኩ የታገስኩትም ይቆጠራል?»

ይቆጠራል አልኳቸው።