ትዝታ በሳንቲም

የሰው ዕድሜ በመታወቂያው ሳይሆን በሚመርጠው ዘፈን ይታወቃል ቢባል፣ ጃፓኖች የሚቃወሙ አይመስለኝም። አንድ ጎልማሳ ፀጉሩን የቱን ያህል ቢያጠቁር፣ የወጣት ልብስ የቱን ያህል ቢያምርበት፣ ማይክራፎን ጨብጦ የመጀመሪያውን ዘፈን ሲያዝ መቼ እንደ ተወለደ፣ ከየትኛው ገጠር ተነሥቶ ቶኪዮ እንደ ገባ፣ ልቡ መቼ እንደ ተሰበረ ሳይወድ በግዱ ይናገራል። እነዚህን የድሮ ዘፈኖች «ናትሱሜሎ» ይሏቸዋል። የሚናፈቅ ዜማ እንደ ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ አንድ ቃል ይበቃዋል፤ ትዝታ።

ስለ እነዚህ ዘፈኖች ለመጻፍ የተነሣሁት የሙዚቃ ባለሙያ ሆኜ አይደለም። ሰባት ዓመት ቶኪዮ ስኖር፣ ከመጽሐፍ ላገኘው ያልቻልኩትን ጃፓን ያሳዩኝ እነርሱ ስለ ሆኑ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ስለ መሣሪያው ትንሽ ልበል። «ካራ» ባዶ ማለት ነው፤ «ኦኬ» ደግሞ ኦርኬስትራ ከሚለው ቃል የተቆረጠ ነው። ካራኦኬ እንግዲህ ባዶ ኦርኬስትራ፣ ዘፋኝ የሌለው ባንድ መሆኑ ነው። በ1967 ሺጌኢቺ ኔጊሺ የተባሉ ሰው የዚህን ዓይነት መሣሪያ ቶኪዮ ውስጥ ሠርተው ነበር። ስሙ በሰፊው የተነሣው ግን የኮቤው ዳይሱኬ ኢኖዌ ነው። ኢኖዌ በየመጠጥ ቤቱ ለሚዘፍኑ ደንበኞች ሙዚቃ የሚያጅብ ሰው ነበር። አንድ የድርጅት ባለቤት ለሽርሽር ሲወጣ አብሮት ሄዶ እንዲያጅበው ቢጠይቀው፣ መሄድ ስላልቻለ የሰውየውን አዘፋፈን ተከትሎ ሙዚቃውን በቴፕ ቀድቶ ሰጠው። ሐሳቡ የመጣው ከዚያ ነው። በ1971 ሳንቲም ሲጎርስ የሚያጅብ መሣሪያ አዘጋጅቶ አሥራ አንዱን ለኮቤ መጠጥ ቤቶች አከራየ። የፈጠራ መብቱን ግን አላስመዘገበም፤ ዓለምን ካዳረሰው ፈጠራ የሚገባውን ሀብት ሳያፍስ ቀረ። በ2004 መጀመሪያ አስቆ ቀጥሎ ያሳስባል የሚባለው የኢግ ኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጠው፣ ምክንያቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚቻቻሉበትን አዲስ ዘዴ አስገኝቷል የሚል ነበር። ቀልድ ነው። የጎረቤቱን ሻካራ ድምፅ እስከ መጨረሻው ታግሦ አዳምጦ ያጨበጨበ ሰው ግን በቀልዱ ውስጥ እውነት እንዳለ ያውቃል።

እኔ ካራኦኬን ያወቅሁት ወጣቶች ክፍል እየተከራዩ በሚጮኹባቸው ፎቆች ላይ አይደለም። የሥራ ባልደረቦቼ ይወስዱኝ የነበረው «ስናክ» ወደሚባል ትንሽ ቤት ነው። ስምንት ወንበር፣ አንድ ባንኮኒ፣ አንድ ቴሌቪዥን፤ ከባንኮኒው ጀርባ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ይቆማሉ። ደንበኞቹ ሁሉ፣ የሰባ ዓመት አዛውንት ሳይቀሩ፣ «ማማ» ይሏቸዋል። የቤቱ ሕግ አልተጻፈም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። ተራ ይጠበቃል። ክፉም ተዘፈነ ደግ ይጨበጨባል። ከሁሉም በላይ የሰው ዘፈን አይነካም። እያንዳንዱ ደንበኛ «ጁሃቺባን» አለው። ቃሉ አሥራ ስምንት ቁጥር ማለት ሲሆን፣ አንድ ስመ ጥር የካቡኪ ቴያትር ቤተሰብ የራሴ ብሎ ከመረጣቸው አሥራ ስምንት ተውኔቶች ጋር ይያያዛል። ዛሬ ሰው የሚታወቅበትን፣ የራሱ ያደረገውን ዘፈን ያመለክታል። ባለቤቱ ቁጭ ብሎ ሳለ ሌላው ያን ዘፈን ቢያዝ፣ የሰው ጋቢ አንሥቶ የመልበስ ያህል ነውር ነው።

ቋንቋው እየገባኝ ሲሄድ፣ ዘፈኖቹ የታሪክ መጻሕፍት መሆናቸውን ተረዳሁ። በ1964 የወጣውን የሀቺሮ ኢዛዋን «አ፣ ኡዌኖ ጣቢያ» እንውሰድ። ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካዎች ሲስፋፉ የሰው እጅ አጠረ። ከ1954 አንሥቶ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ከሰሜኑ ገጠር በልዩ ባቡር እየተሳፈሩ ቶኪዮ፣ ኡዌኖ ጣቢያ ላይ ይራገፉ ነበር። «የወርቅ እንቁላሎች» ተባሉ። ወርቅነታቸው ለአሠሪው ነው። ዘፈኑ የእነርሱ ሆኖ ቀረ፤ ከጣቢያው ደጃፍም መታሰቢያ ቆሞለታል።

ካጉያሂሜ የተባለው ቡድን በ1973 ያወጣው «ካንዳጋዋ» ደግሞ በቶኪዮ መካከል በሚያልፍ ወንዝ ስም የተጠራ ነው። ሦስት ታታሚ በምታህል፣ ማለት አምስት ካሬ ሜትር ገደማ በሆነች ክፍል ስለሚኖሩ ፍቅረኞችና የሕዝብ መታጠቢያ ቤት አብረው ስለ መሄዳቸው ይተርካል። ዛሬ ሰፊ ቤት ያላቸው ሰዎች ያቺን ጠባብ ክፍል ሲዘፍኗት ዐይናቸው እንባ ያቀራል። የናፈቃቸው ድህነቱ አይደለም። በድህነቱ ውስጥ የነበሩት እነርሱ፣ እነዚያ ወጣቶች ናቸው የናፈቋቸው።

ሦስተኛው በ1977 ሳዩሪ ኢሺካዋ የዘፈነችው፣ የሱጋሩን የባሕር ወሽመጥ በበረዶው ወራት የሚያሳየው ዘፈን ነው። አንዲት ሴት ከኡዌኖ በሌሊት ባቡር ተነሥታ አኦሞሪ ላይ ትወርድና ወደ ሆካይዶ በሚሻገረው መርከብ ትሳፈራለች፤ የተለየችው ሰው እንዳለ ይገባናል። በመጋቢት 1988 ከባሕሩ ሥር የተቆፈረው የሴይካን ዋሻ ተከፈተ፤ የመርከቦቹ መደበኛ አገልግሎትም አበቃ። ያ ጉዞ ዛሬ የሚገኘው በዘፈኑ ውስጥ ብቻ ነው።

ይህ የመጨረሻው ዘፈን የአንድ ባልደረባዬ ጁሃቺባን ነበር። በልቤ ጋሼ እላቸው ነበር፤ እዚህም በዚሁ ልጥራቸው። ጋሼ የአኦሞሪ ሰው ናቸው። በ1964፣ በአሥራ አምስት ዓመታቸው፣ ከልጆቹ ባቡር በአንዱ መጡ። ሥራ ላይ ከሚያስፈልገው በላይ ቃል አይወጣቸውም። ስለ መንደራቸውም ሆነ ስለ አባታቸው አንድ ቀን እንኳ ሲያወሩ አልሰማሁም። ዘፈኑ ሲጀምር ግን አቀማመጣቸው ይለወጣል፤ ድምፃቸው በዚያ በተቋረጠው ባሕር ላይ ይሻገራል። አንድ ምሽት አንድ ወጣት ነጥብ የሚሰጠውን የማሽኑን ክፍል ከፈተና ለራሱ 94 አገኘ። ጋሼ ተከትለው ቢዘፍኑ ማሽኑ 71 ሰጣቸው። ማማ ምንም ሳይናገሩ ነጥቡን አጠፉት። ዳግመኛም በዚያ ቤት ሲከፈት አላየሁም።

ለምን ይህ ዜማ እንግዳ እንዳልሆነብኝ ብዙ ጊዜ አሰላስዬ ነበር። ምስጢሩ ቅኝቱ ውስጥ ነው። ጃፓኖች «ዮናኑኪ» የሚሉት ቅኝት፣ አራተኛውና ሰባተኛው የተነቀለ ማለት ነው። ከሰባቱ የፈረንጅ ድምፆች ሁለቱ ሲወጡ አምስት ይቀራሉ። በማይነሩ ዮናኑኪ ውስጥ የሚቀሩት አምስቱ ድምፆች ደግሞ የእኛው የትዝታ ማይነር አምስት ድምፆች ናቸው። ለዚህ ትዝታ የተቃኘ ክራር ክሩ ሳይነካ፣ እንደ ማሳዎ ኮጋ ያሉ የዜማ ደራሲዎች ከ1930ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ዝና ላተረፉባቸው ዘፈኖች ያገለግላል። ዝምድናው የደም አይደለም። ሁለት ሩቅ ሕዝቦች ሐዘናቸውን በአንድ ዓይነት መሰላል ላይ ሰቀሉ፣ ይኸው ነው። ከ1951 ጀምሮ ወደ ኮርያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ለዕረፍት ጃፓን ሲገቡ የሰሙት ዜማ ጆሯቸውን እንዳልጎረበጠው እገምታለሁ። ጃፓናዊት ስለ መውደድ የሚያወራ የአማርኛ ዘፈንም የዚያ ዘመቻ ቅርስ ነው።

እናቴ ያረፈችው እኔ ቶኪዮ ሳለሁ ነው። በአገራችን መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፎ ይነገራል። እኔ በስልክ ሰማሁ፤ ከወንድሜ አፍ፣ በምሳ ሰዓት፣ የቢሮው መተላለፊያ ላይ ቆሜ። ቀብሩ አልፏል። ባልደረቦቼ በአገራቸው ወግ ገንዘብ በፖስታ አድርገው በሁለት እጃቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሰጡኝ። የእኛን ዕድር አስታወሰኝ፤ አከበርኳቸው። ግን የሚያለቅስ ሰው አልነበረም። እኔም አላለቀስኩም። ለቅሶ ብቻውን የሚሆን ነገር እንዳልሆነ ያን ጊዜ አወቅሁ፤ የሚጀምርልህ ሰው ያስፈልጋል። ሳምንት ሙሉ ደረቴ ላይ ድንጋይ እንደ ተጫነ ወጣሁ፣ ገባሁ።

አርብ ማታ ወደ ስናኩ ወሰዱኝ። ተራው የጋሼ ሆነ። ሙዚቃው ሲጀምር ማይክራፎኑን ወደ እኔ ዘረጉና «ዛሬ አንተ ዝፈነው» አሉኝ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ ምን እንደ ተሰጠኝ ገብቶታል። እኔም ገብቶኛል። ቃላቱን ለዓመታት ስሰማ ኖሬ በቃሌ ይዣቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ክፍል ጨረስኩ። ሁለተኛው ላይ ድምፄ ተሰበረ፤ ጋሼ ከጎኔ ሆነው ዝቅ ባለ ድምፅ ተቀበሉኝ፤ ማማም፤ ከዚያ ሌሎቹም። ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። ማንም አላየኝም፤ ሁሉም ቴሌቪዥኑን ይመለከት ነበር። ጨዋነታቸው እንዲህ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ ናፍቆትን ከመጠን በላይ ማወደስ አልሻም። ትዝታ ይዋሻል። የኡዌኖው ዘፈን ስለ ወላጅና ስለ አገር ቤት ይናገራል፤ ስለ ረጅሙ የሥራ ሰዓት፣ ተስፋ ቆርጠው ሥራቸውን ስለ ለቀቁት ልጆች ብዙ አይነግረንም። ትዝታ ንግድም ነው፤ የኮቤው ማሽን ሳንቲም ሳይጎርስ አይዘፍንም ነበር። አለቃው ካልቀረ በስተቀር ከግብዣው መቅረት ያልቻለ ታዛዥ ሠራተኛም አይቻለሁ፤ ለእርሱ ያ ምሽት ዕረፍት ሳይሆን የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው። ይሁንና ለጋሼ ዓይነቱ ሰው ሌላ ምን መናገሪያ ነበረው? ሐዘኑን በራሱ ቃል ቢያወጣ ያፍራል። በሰው ቃል፣ ቴሌቪዥን ላይ በተጻፈ ቃል ሲያወጣው ግን አያፍርም።

ከእኛ ወግ ጋር ሳስተያየው ነገሩ ግልባጭ ነው። አዝማሪ ቤት ግጥሙን እኛ እንሰጣለን፤ «ተቀበል» እንላለን፤ ዜማውን አዝማሪው ያወጣልናል። በካራኦኬ ግጥሙም ዜማውም ተዘጋጅቶ ይሰጠናል፤ ከእኛ የሚፈለገው ድምፃችን ብቻ ነው። የእኛው የበለጠ ብልሃት ይጠይቃል፤ የእነርሱ የበለጠ ድፍረት። ብዙዎቻችን ከተሜዎች ትዝታን ለዘፋኞች ትተን አድማጭ ብቻ ሆነናል። ሙሾ አውጪዋም ከለቅሶ ቤታችን እየራቀች ነው። ሰው የራሱን ሐዘን በራሱ ጉሮሮ የሚያወጣበት ቦታ እየጠበበ ሲሄድ ምን እንደምንሆን አስቤ አላውቅም ነበር፤ ያ አርብ እስኪመጣ ድረስ።

ጃፓንን ከመልቀቄ በፊት አኦሞሪን ልየው ብዬ ሄድኩ። ከድሮዎቹ መርከቦች አንዱ፣ ሀኮዳ ማሩ፣ ሙዚየም ሆኖ ወደብ ላይ ታስሯል። አጠገቡ የዚያ ዘፈን መታሰቢያ ድንጋይ አለ። ሰው ሲጠጋው ድምፅ ማጉያው ይከፈትና ዘፈኑን ያሰማል። ቀኑ ብርዳም ነበር፤ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ቀረብ ስል ዘፈነ። ርቄ ስሄድ ያ ባዶ ወደብ እንደ ገና ጸጥ አለ።