ያገለገለ ካሜራ፣ ያላገለገለ ዐይን

ካሜራ በአገራችን የተጠረጠረ ዕቃ ነው። ከድልድይ አጠገብ ቢያወጡት ጠባቂ ይቆጣል፤ ከመሥሪያ ቤት ደጃፍ ቢያወጡት ፈቃድ ይጠየቃሉ። ይህን እያወቅሁ፣ ብዙዎቻችሁ ዛሬም ናዝሬት በምትሏት በአዳማ፣ ያገለገለ ኒኮን ዲ40 ገዛሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበያ የቀረበ፣ 6 ሜጋፒክስል ብቻ ያለው ካሜራ ነው።

«ስልክህ አይበልጠውም ወይ?» ያሉኝ ወዳጆች አሉ። በቁጥር ይበልጠዋል። ነገር ግን የዚህ ካሜራ ምስል በ25 በ17 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ላይ በጥራት ይታተማል፤ ለጀማሪ ከዚህ በላይ ምን ያሻዋል? ተበድሮ አዲስ መግዛት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው መሆን ነው።

እንደ እኔ ጀማሪ ለሆናችሁ ውድ አንባቢያን፦ ከመክፈላችሁ በፊት የሌንሱን ቀዳዳ አጥብባችሁ ነጭ ግድግዳ አንሡ፤ ምስሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ መኖሩን ተመልከቱ። ባትሪው ቶሎ የሚደክም መሆኑን ደጋግማችሁ በማንሣት ፈትኑ። ዲ40 በውስጡ የማተኮሪያ ሞተር የለውም፤ ስለዚህ ሞተር የሌለውን የድሮ ሌንስ በእጅ እያዞሩ ማስተካከል ግድ ነው። ከሁሉ በላይ ሻጩ ዕቃውን ከየት እንዳመጣው ጠይቁ። ርካሽ ካሜራ ከሌላ ሰው እጅ የተነጠቀ እንጀራ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ላነሣበት ነው? ከአዳማ ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ መተሐራ አጠገብ የበሰቃ ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሰፋ የግጦሽ መሬት ውጧል፤ አውራ ጎዳናውንና የድሮውን የባቡር ሐዲድ ተፈታትኗል። በሞጆና በመቂ በኩል ወደ ደቡብ፣ ባቱን (ዝዋይን) አልፈው ሲወርዱ ደግሞ የአብያታ ሐይቅ ባለፉት አሥርት ዓመታት ከዳርቻው ሸሽቷል። ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ ይደርሰው የነበረው ውሃ ከላይ ለመስኖ ይጠለፋል፤ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውሃ ሲሳብ ኖሯል። አንዱ ሐይቅ አርብቶ አደሩን ያፈናቅላል፤ ሌላው ወፎቹን።

ስለ ሁለቱም በየስብሰባው ብዙ ይባላል። ሪፖርት በሪፖርት ይስተባበላል፤ በየዓመቱ በአንድ ወር፣ ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቁሞ የተነሣ ምስል ግን እንዲህ በቀላሉ አይስተባበልም። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ውድ ካሜራ አይደለም፤ ተመላልሶ የሚያይ ዐይን ነው። አሮጌውን ካሜራ እንደ ገዛሁ ከሁሉ አስቀድሜ ቀንና ሰዓቱን ያስተካከልሁት ስለዚህ ነው።