የአንድ አገር ብዙ ስሞች፦ ከበላ ሻንጉል እስከ ቤንሻንጉል ጉሙዝ

ከቻግኒ ተነስቶ፣ ግልገል በለስንና ማንቡክን አልፎ ወደ ምዕራብ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ የሱዳን ጠረፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ማንኩሽን ያገኛል። ማንኩሽ በመተከል ዞን የጉባ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስለ አገር ስም ለመጨዋወት እርሷን መምረጣችን ያለ ምክንያት አይደለም። የዚያ አካባቢ አዛውንት ከቀያቸው ሳይነቁ በጎጃም ክፍለ ሀገር፣ በመተከል አስተዳደር አካባቢ፣ በክልል 6፣ ከዚያም በቤንሻንጉል ጉሙዝ ስም ተጠርተዋል። ሰውየው ያው፣ ጎጆውም ያው፤ የተለወጠው በመታወቂያው ላይ የሚጻፈው ስም ነው።

ለመሆኑ "ቤንሻንጉል" የሚለው ስም ከየት መጣ? የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያስረዱት መነሻው "በላ ሻንጉል" ነው፤ በበርታ ቋንቋ "የሻንጉል ድንጋይ" ማለት ነው። ይህም በመንጌ አካባቢ በተራራ ላይ የሚገኝና ሕዝቡ ያከብረው የነበረ ድንጋይ ነው። ከሱዳን በኩል የመጡ ዓረብኛ ተናጋሪዎች ግን ቃሉን ወደሚያውቁት ቋንቋ አስጠጉት። "በኒ እስራኢል" እና "በኒ ሃሺም" ማለት የለመደ አንደበት "በላ ሻንጉል"ን "በኒ ሻንጉል" አለው፤ የሻንጉል ልጆች እንደ ማለት ነው። እነሆ ድንጋዩ "ልጆች" ሆነ!

ጉባም የራሷ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. ከ1504 እስከ 1821 የቆየው የሴናር ፉንጅ ሱልጣኔት ተጽዕኖ እስከዚህ ይደርስ ነበር። ሱልጣኔቱ ከወደቀ በኋላ እንኳ የጉባው ገዥ ሐምዳን አቡ ሾክ የሚጠሩት "ማንጂል" በሚለው የፉንጅ ማዕረግ ነበር። በ1890 ዓ.ም. በራስ መኰንን የተመራው የአፄ ምኒልክ ጦር ቤንሻንጉልን ያዘ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውል ደግሞ የሱዳን ወሰን ተወሰነ።

ከዚያ በኋላ ዓባይ ራሱ የአስተዳደር ድንበር ሆነ። ከወንዙ ደቡብ ያለው አሶሳ በወለጋ፣ ከሰሜኑ ያለው መተከል በጎጃም ሥር ቆየ። በ1980 ዓ.ም. አሶሳና መተከል ሁለት የተለያዩ የአስተዳደር አካባቢዎች ሆኑ። በ1984 ዓ.ም. ክልል 6 መጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ "ቤንሻንጉል" በሚለው ላይ "ጉሙዝ" የሚለውን ጨምሮ በሁለት ሕዝቦች ስም ጠራው። ሆኖም የክልሉ የራሱ ሕገ መንግሥት ነባር ብሎ የሚቆጥራቸው አምስት ናቸው፦ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ። ከእነርሱም ሌላ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አገውና ሌላውም ይኖርበታል።

ታዲያ በስሙ ውስጥ የሌለው ምን ይሁን? ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በደቡብ ምሥራቅ እስያ የምትገኘው በርማ ስሟ ከብዙኃኑ ከባማር ሕዝብ የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወታደሮቹ መንግሥት "ምያንማር" ብሎ ሲለውጠው ሁሉንም ብሔረሰቦች የሚያቅፍ ስም ነው አለ። ይሁን እንጂ ሁለቱም ቃላት ሥራቸው አንድ ነው። ሮሂንጋ የሚባሉት ሙስሊሞችም በአዲሱ ስም ውስጥ ቦታ አላገኙም፤ መንግሥቱ "ሮሂንጋ" የሚለውን መጠሪያቸውን እንኳ አልተቀበለም። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ከ700 ሺህ በላይ የሚሆኑት ወደ ባንግላዴሽ ተሰደዱ። ስም ተለወጠ፤ ልብ ግን አልተለወጠም።

በእኛም አገር ቢሆን ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በመተከል ቡለን ወረዳ በአንድ ቀን ብቻ ከመቶ በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ብዙዎችም ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። "ይህ አገር የማን ነው?" የሚለው ጥያቄ በጦር መሣሪያ ሲጠየቅ መልሱ መቃብር ብቻ ይሆናል።

ከማንኩሽ ብዙም ሳይርቅ፣ በዚያው በጉባ ወረዳ፣ ሌላም ስሙ የተቀያየረ ነገር አለ። መጀመሪያ "ፕሮጀክት ኤክስ" ይባል የነበረው ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል "ሚሌኒየም" ተባለ፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶም "ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ" ሆነ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው ሐይቅም "ንጋት" የሚል ስም አገኘ። በወንዙ ዳር ይኖሩ የነበሩ የጉሙዝ ቤተሰቦች ቀያቸውን ለቀው ወደ ሌላ ሠፈር ሄደዋል። የተዉአቸው መንደሮች ስም ግን በካርታ ላይ ሳይሆን በእናቶችና በአባቶች አንደበት ነው የሚቀረው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ለልጆቻችሁ የአገራችሁን ስም ስታስተምሩ ከስሙ በስተጀርባ ያለውን ድንጋይ፣ ወንዝና ሕዝብ አብራችሁ ንገሯቸው። ወጣቶችም የጎረቤቶቻችሁን ስም ራሳቸው በሚጠሩት መንገድ ተማሩ። ስም የሚያስፈልገው ለመተዋወቅ ነው፤ ሰውን ከደጅ ለማስቀረት አይደለም።