ታሪክ ስንሰማ፦ ከአዲስ አበባ ሚኒባስ እስከ ለንደን ባቡር

አዲስ አበባ ውስጥ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ የሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የትረካ ዝግጅት «መቆያ» ከጀመረ፣ የመኪናው ጠባይ ሲለወጥ ታያላችሁ። እሸቴ አሰፋ ስለ አንድ ሰላይ ወይም ከሥልጣኑ ስለተገለበጠ አምባገነን መተረክ ሲጀምር ወሬው ጋብ ይላል። ከኋላ ወንበር አንዱ «ሹፌር፣ እስቲ ጨመር አድርግልን» ይላል። ትረካው ሲያልቅ ደግሞ ክርክሩ ይነሳል፤ አንዱ የሰማውን ያነበበው መጽሐፍ ላይ ካለው ጋር ያመሳክራል፣ ሌላው አያቱ ማይጨው ዘምተው ያዩትን ያመጣል። ማንም ማንንም አያውቅም፤ ግን ቦሌ እስኪደረስ ሁሉም ታሪክ አዋቂ ነው።

ያው ጣቢያ ሌላም ጸጋ አለው። መዓዛ ብሩ በ«የጨዋታ እንግዳ» ባለታሪኮችን ራሳቸውን አስቀምጣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ታስተርካቸዋለች። እንግዳው ያየውን፣ የሠራውን፣ አንዳንዴም የሸሸውን በራሱ አንደበት ይናገራል። ይህ ከትረካ ይለያል፤ ነገ የታሪክ ጸሐፊ የሚጠቅሰው ምንጭ ነው። ሸገር ሥራ የጀመረው በ2000 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከእንግዶቹ ብዙዎቹ አልፈዋል፤ ድምፃቸው ግን ተቀርጾ ቀርቷል።

እኔ በምኖርበት ለንደን ታሪክ የሚሰማው ለየብቻ ነው። ጠዋት ባቡር ውስጥ የሁሉም ጆሮ ተደፍኗል፤ ጎረቤትህ ስለ ሮም ይስማ ስለ እግር ኳስ አታውቅም። ግን ምርጫው የትየለሌ ነው። ማይክ ደንከን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ሸገር በተከፈተበት ሰሞን መሆኑ ነው፣ የሮምን ታሪክ ከምሥረታዋ አንስቶ በፖድካስት መተረክ ጀመረ፤ ምዕራባዊው የሮም መንግሥት እስኪወድቅ ድረስ አምስት ዓመት ያህል ቆየበት። ቢቢሲ ሬዲዮ 4 ላይ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚተላለፈው «ኢን አወር ታይም» ሦስት ምሁራንን በአንድ ርዕስ ላይ ያነጋግራል፤ እነሱም ፊት ለፊት ይተራረማሉ። ሌላው የታሪክ ፖድካስት ተራኪ ዳን ካርሊን ደግሞ አንዳንዱን ክፍል ብቻ አምስትና ስድስት ሰዓት ያስኬደዋል።

ከካርሊን አንድ ልማድ በጣም እወዳለሁ። ከመጽሐፍ የሚያነበውን ቃል ሲጀምር «ጥቅስ» ብሎ ይጀምራል፣ ሲጨርስ «ጥቅሱ አበቃ» ይላል። ስለዚህ አድማጩ የትኛው የካርሊን፣ የትኛው የሌላ ሰው ቃል እንደሆነ አይምታታበትም። የታሪክ ምሁር እንዳልሆነም ራሱ ደጋግሞ ይናገራል። እኛ ዘንድ ተራኪው ብዙ ጊዜ ምንጩን ሳይጠራ ያልፋል፤ ድምፁ ስላማረ ብቻ እናምነዋለን። እንደ ወጥ ነው፤ ከጣፈጠ ማን በርበሬው ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል?

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በመቅደላ ታሪክ ነው። ስለ አፄ ቴዎድሮስ አገር ቤት የሚተረከው አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንድ ቅጽበት የሚገሰግስ ነው፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በሽጉጣቸው ራሳቸውን ያጠፉበት ሰዓት። ጀግንነቱ ይነገራል፣ አድማጭ ያለቅሳል። ምንጭ እየጠሩ መተረክ የለመዱት ግን ከነገሩ መነሻ ይጀምራሉ፦ ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ውስጥ መቅረቱ፣ በዚህ የተነሳ የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን መታሰሩ፣ ከዚያም የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደርና ዝሆኖች ይዞ ከሕንድ በዙላ በኩል መምጣቱ። የንጉሡ እስረኛ የነበረው ሆርሙዝድ ራሳም በ1869 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል፤ በእኛ በኩል ደግሞ የአለቃ ወልደ ማርያም ዜና መዋዕል አለ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ የሚተርክ ሰው የንጉሡን ክብር አይቀንስም። ጨካኝም ቆራጥም የነበረን ሰው በሙሉ ቁመናው ያሳየናል።

ታዲያ እዚህ ለንደን ምንጭ መጥራት የቀለለው ተራኪዎቹ ከእኛ ስለሚበልጡ ብቻ አይደለም። ምንጩ ደጃቸው ላይ ነው። የናፒየር ጦር ከመቅደላ በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ካወጣቸው የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው፤ የእንግሊዝ ባለሥልጣናት የተጻጻፉትም ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል። ለንደን የሚኖር ሐበሻ አንድ ክፍል አዳምጦ ሲጨርስ በአውቶቡስ ሄዶ የንባብ ካርድ በነፃ አውጥቶ መፈተሽ ይችላል። ወሎ ያለው አድማጭ ይህ ዕድል የለውም። ወመዘክርና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ብዙ ሀብት ይዘዋል፤ እነሱም ቢሆኑ ለአዲስ አበቤ እንጂ ለወረባቦ ልጅ ቅርብ አይደሉም።

ባዕድ አገር ያጣነውም አለ። ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ የሚሰማ ሰው ተራኪው ሲሳሳት «ቆይ፣ እንዲህማ አይደለም» የሚለው የለውም። አስተያየት መጻፊያው ላይ የሚደረገውም ክርክር አይባልም፤ ስድብ ይበዛዋል። ፊት ለፊት ያለ ሰው፣ በተለይ ሽማግሌ ከሆነ፣ ይሉኝታም ዕውቀትም ያመጣል።

እናም ለሁለቱም ወገን የምለው አለኝ። አማርኛ ፖድካስት የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ከእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ ላይ የሁለት ወይም የሦስት መጽሐፍ ስምና ጸሐፊ ጥሩልን፤ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይወስድባችሁም። የምትጠራጠሩትንም «ይህን የሚለው እገሌ ብቻ ነው» በሉን። ተዓማኒነታችሁ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ውጭ ያለን ደግሞ ቅዳሜ ቡና ሲፈላ ስልኩን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝተን አንድ ክፍል አብረን እንስማ፤ እናቶችና አባቶች ይናገሩ፣ እዚህ የተወለዱት ልጆች ይጠይቁ። ተራኪው ምንጩን ከነገረን የቡናው ክርክር «እኔ እንዲህ ነው የሰማሁት» ላይ አይቆምም፤ አንዱ መጽሐፉን ፈልጎ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይዞ ይመጣል።