ስለ ጥጋብና «በሞቴ» ስለሚባለው ቃል

በሐረር ከተማ ያለው የፈረስ መጋላ አደባባይ ስሙ የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ዛሬ ፈረስ የሚሸጥበት ባይሆንም፥ ስሙን በሰማን ቍጥር አንድ ነገር ትዝ ይለናል፤ ገብስ የበዛለት ፈረስ ጌታውን ሲጥል «ጠገበ» ይባላልና። በቋንቋችን ጠገበ ማለት እስኪበቃው በላ ማለት ነው፤ ደግሞም ታበየ፥ ሰው ናቀ ማለት ነው። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራታቸው የሆድ መሙላትና የልብ ትዕቢት ጎረቤታሞች መሆናቸውን ስላዩ ይመስለናል።

ከልክ ላለፈ መብል የሰጡት ስምም ብዙ ነው። ሳያላምጥ የዋጠው ሰለቀጠ፥ ያገኘውን ሁሉ ወደ ራሱ የሰበሰበው አግበሰበሰ ይባላል፤ መብል የበዛበትን ቁንጣን ይይዘዋል፤ ስለ ጥቅሙ ወዳጁን የከዳም ለሆዱ ያደረ ይባላል። መጠጥም ደረጃ አለው፤ ጠጪው በመጀመሪያ ሞቅ ይለዋል፥ ቀጥሎ ይሰክራል፥ በመጨረሻም ጥንብዝ ይላል፤ በማግሥቱ ደግሞ አንጎበሩ ይቀበለዋል።

ነገር ግን እነዚህ ስሞች ሁሉ የሚወቅሱት የበላውንና የጠጣውን ነው፤ ያለ ልክ ያበላውንና ያጠጣውን የሚወቅስ ስም ግን አላገኘንም። ይህንንም ያስተዋልነው በገዛ ጥፋታችን ነው። ከፈረስ መጋላ አጠገብ በነበረን ቤት ለፋሲካ ወዳጆቻችንን ጠርተን ሳለ፥ አንድ በዕድሜ የገፉ ዘመዳችን ሐኪም ጠጅ እንደ ከለከላቸው ነግረውን ብርሌውን በእጃቸው ከደኑት። እኛ ግን ማክበራችን መስሎን «በሞቴ፥ አፈር ስሆን» እያልን ሦስት ጊዜ አስቀዳንላቸው። እርሳቸውም ይሉኝታ ይዟቸው ጠጡ። ሌሊቱን በብርቱ ታመሙ፤ እኛም እስኪነጋ ከአልጋቸው አጠገብ ቆመን አደርን። በራሳችን ሞት ስንምል የቀረበው የእርሳቸው ሞት ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ዳኑ። ይቅርታ በለመንናቸውም ጊዜ «ልጄ፥ የጠጣሁት ጠጁን አይደለም፤ መሐላህን ነው» አሉን።

በጀጎል ውስጥ ያሉ ሙስሊሞች ጎረቤቶቻችን እንግዳቸውን የሚያከብሩት ያለ አስካሪ መጠጥ ነው፤ ከቡና ቅጠል የተፈላ ቁቲ ቀርቦለት ከበሬታው ሳይጎድል ይሄዳል። ስለዚህ እኛም እንግዳ «ይበቃኛል» ባለ ጊዜ እንመነው፤ መሶቡና ብርሌው የእኛ ቢሆኑም፥ የልኩ ባለቤት እንግዳው ነውና።