ጋሪው ታዲያ ለምን ይሄዳል?

የልጅን ዕውቀት አብዛኛውን ጊዜ የምንመዝነው በሚሰጠው መልስ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ስንት አገኘህ?» እንለዋለን እንጂ «ዛሬ ምን ጠየቅህ?» የሚል ወላጅ እምብዛም አይገኝም። በፊዚክስ ትምህርት ግን የልጁን ቀጣይ መንገድ ከመልሱ ይበልጥ ጥያቄው፣ ጥያቄውም የገጠመው አቀባበል እንደሚወስነው ለዓመታት ተመልክቻለሁ።

ከመግሪብ በኋላ የሰፈራችንን የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ሰብስቤ አስጠናለሁ። ልጆቹ በየዓመቱ ይለዋወጣሉ፤ ጥያቄዎቻቸው ግን ያው ናቸው። «ከባድና ቀላል ነገር እኩል ይወድቃል ከተባለ ላባ ለምን ይዘገያል?» «ታክሲው ፍሬን ሲይዝ ወደፊት የሚገፋኝ ማን ነው?» «ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉት እዚያ ስበት ስለሌለ ነው?»

ከተማሪዎቼ አንዷ ዝምተኛ ልጅ ናት። ስሌት ስትሠራ እጇ አይስትም። አንድ ምሽት ሌሎቹ ሲወጡ ወደኋላ ቀረችና «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ግን አይሳቁብኝ» አለችኝ። ፈረስ ጋሪን ሲጎትት ጋሪውም ፈረሱን በእኩል ኃይል ወደኋላ ይጎትተዋል ከተባለ፣ ሁለቱ ተጣፍተው ጋሪው ባለበት መቆም አልነበረበትም ወይ? ታዲያ ለምን ይሄዳል? ጥያቄዋ ይህ ነበር። ይህንኑ በክፍል ውስጥ ስትጠይቅ መምህሩ «ለፈተና አይመጣም፤ ሕጉን ብቻ ያዢ» እንዳሏት፣ ተማሪዎቹም እንደሳቁባት ነገረችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እጇን አላወጣችም። እናቷም ዝምታዋን አይተው «ፊዚክስ ለእሷ አልሆነም» በማለት አሥራ አንደኛ ክፍል ስትደርስ ማኅበራዊ ሳይንስ እንድትመርጥ ወስነዋል።

ማኅበራዊ ሳይንስ መማር ነውር የለበትም። ነገር ግን አንዲት ልጅ ጥሩ ጥያቄ በመጠየቋ ብቻ ከምትወደው ትምህርት ስትሸሽ ዝም ብሎ ማየት ይከብዳል።

እስቲ ጥያቄዋን አብረን እንመርምረው። ሁለቱ ኃይሎች እኩል መሆናቸው እውነት ነው። ያረፉት ግን በተለያዩ አካላት ላይ ነው፤ አንዱ በጋሪው፣ ሌላው በፈረሱ። ገቢና ወጪ የሚጣፉት በአንድ ሰው ደብተር ላይ ሲገናኙ ነው። ባለሱቅ ለደንበኛው መቶ ብር ቢከፍል፣ ከአንዱ የወጣውና ሌላው ያገኘው መቶ ብር እኩል ናቸው፤ ይሁንና የሁለቱም ኪስ እንደነበረ ቀረ የሚል የለም። ስለዚህ ጋሪው መንቀሳቀሱን ለማወቅ በጋሪው ላይ ያረፉትን ብቻ እንቆጥራለን። የፈረሱ ጉተታ ከሰበቃው ከበለጠ ጋሪው ይነሳል። ፈረሱ በበኩሉ መሬቱን በኮቴው ወደኋላ ሲገፋ መሬቱም እሱን ወደፊት ይገፋዋል። በክረምት ጭቃ ኮቴው ሲንሸራተት የፈረሱ ብርታት ሳይቀንስ ጋሪው አልነቃነቅ የሚለው ለዚህ ነው። ባለጋሪ ሁሉ ያውቀዋል።

ልጅቱ ጥቂት ዝም አለችና «እንግዲያው የሚያስኬደው መሬቱ ነዋ!» አለች። ሕጉን የያዘችው ቀደም ብሎ ነበር፤ የገባት ግን ያኔ ነው።

ለመሆኑ እነዚህ ጥያቄዎች የሰነፍ ተማሪ ጥያቄዎች ናቸውን? ታሪክ እንዲህ አይልም። ከባድ ነገር ቶሎ ይወድቃል፣ የሚንቀሳቀስ ነገርም ገፊ ያስፈልገዋል ያለው ታላቁ አርስቶትል ነው። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ክብደታቸው እጅግ የሚለያይ ነገሮች ከአንድ ከፍታ ሲለቀቁ የጊዜ ልዩነታቸው ጥቂት መሆኑን ጠቅሶ ተቃወመ። ኢብን ሲና (980–1037) የተወረወረ ነገር ከወርዋሪው የሚቀበለው ግፊት ተቃዋሚ ካልገጠመው በራሱ እንደማይጠፋ አስተማረ። ጋሊሊዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ ትንሹን ድንጋይ ከትልቁ ጋር ብናስረውስ ሲል ጠየቀ። ትንሹ ወደኋላ ይጎትተዋል እንዳንል ሁለቱ አብረው ይበልጥ ከባድ ናቸው፤ ይፈጥናሉ እንዳንል ትንሹ ቀርፋፋ ነው ብለናል። የሕጉ ሙሉ ቃል በኒውተን መጽሐፍ የወጣው በ1687 ነው። ሊቃውንት ሁለት ሺህ ዓመት ያህል የተከራከሩበትን ጉዳይ ልጃችን በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ባትጨርሰው ምን ያስደንቃል?

ችግሩ የእኛ አገር ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ዴቪድ ሄስተንስና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ስሌት የሌለበት የኃይልና የእንቅስቃሴ ፈተና አሳትመው ነበር። ስሌት አሳምረው የሚሠሩ ብዙ ተማሪዎች በእነዚህ ቀላል ጥያቄዎች ላይ ተሰናክለዋል። በሃርቫርድ የሚያስተምሩት ኤሪክ ማዙርም የዚህ ዓይነት ፈተና ሲሰጡ አንዲት ተማሪ የምመልሰው እንዳስተማሩኝ ነው ወይስ እንደማስበው ስትል እንደጠየቀቻቸው ተናግረዋል። እነሆ፣ በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ሁለት ፊዚክስ ይኖራል፤ አንዱ ለፈተና፣ ሌላው ለመንገድ። ጥያቄን ዝም ማሰኘት ሁለቱ ሳይተዋወቁ እንዲኖሩ መፍቀድ ነው።

ሁለቱን ለማገናኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ወረቀትና አንድ ደብተር ልቀቁ፤ ወረቀቱ ይዘገያል። ወረቀቱን ጨምድዳችሁ ድገሙት፤ አሁን አብረው ይወድቃሉ ለማለት ይቻላል። ወረቀቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የአየሩ ተቃውሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት አየር በሌላት ጨረቃ ላይ መዶሻና ላባ ቢለቅ እኩል አርፈዋል። ታክሲው ፍሬን ሲይዝም የሚገፋን የለም፤ መኪናው ሲቆም ሰውነታችን ጉዞውን ስለሚቀጥል ነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በሚዞርበት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው ስበት ከምድር ገጹ 90 በመቶ ያህል ነው። ጠፈርተኞቹ የሚንሳፈፉት ከነጣቢያቸው አብረው ስለሚወድቁ ነው፤ በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ወደጎን ስለሚበሩም ምድር ከሥራቸው ትታጠፋለች፤ ሁልጊዜ ይወድቃሉ፣ ግን አይደርሱባትም።

ለልጅቱ እናት የልጃቸውን ጥያቄ ቡና ላይ አጫወትኳቸው። ጥቂት አሰቡና «እኔ እኮ ያልገባት መስሎኝ ነው» አሉኝ። ምርጫው ገና አንድ ዓመት ስላለው እስከዚያ እንዳይቆርጡ ለምኛቸዋለሁ፤ እሳቸውም እሺ ብለዋል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ! ልጆቻችንን ለመርዳት ፊዚክስ ማወቅ ግድ አይደለም። ልጅ «ለምን?» ሲል አለመሳቅ እንችላለን። «አንተስ ምን ይመስልሃል? እስቲ ሞክረን እንየው» ማለት እንችላለን። መልሱ ከአቅማችን ቢያልፍ ጥያቄውን በደብተሩ ጽፎ ለመምህሩ እንዲያቀርበው ማበረታታት፣ ካስፈለገም አብረነው መሄድ እንችላለን። ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ በወረቀቱና በደብተሩ ጀምሩ፤ ከመልቀቃችሁ በፊት ግን የቱ ቀድሞ እንደሚያርፍ ልጆቻችሁን ጠይቋቸው፤ ምክንያታቸውንም እስከ መጨረሻው ስሟቸው።