የፎቶግራፍ መኪናውና ዘይቱ

አንዳንድ የፎቶግራፍ መኪና በመስተዋቶቹ መካከል እንደ ዐይን ቆብ የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን አለው። ከ1912 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በሙኒክ ከተማ ይሠራ የነበረው ኮምፑር የሚባለው ክዳን ከስስ የብረት ቅጠሎች የተሠራ ነው። አንድ ሴኮንድ ሙሉ ተከፍቶ ይቈያል፤ ቢፈለግም ሴኮንዱ ለ250 ተከፍሎ የአንዱን እጅ ያህል ብቻ ተከፍቶ ይዘጋል።

በአዲስ አበባ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ እንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ነበረው። የቈየ ቅባት ከአቧራ ጋር ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይሆናልና ክዳኑ ዘገየ። ሥራ የሚማረው ልጅም የስፌት መኪና በዘይት እንደሚፈጥን ያውቅ ነበርና ያንኑ ዘይት አፈሰሰበት። መልካም የሠራ መስሎት ለጌታው አልነገረም።

በማግስቱ አንዲት ባልቴት ከመንዝ መጥታ በሩቅ አገር ለሚኖር ልጇ መልኳን ትልክ ዘንድ ፎቶግራፍ ተነሣች። ማታ ሰሌዳው በመድኃኒት በታጠበ ጊዜ ሁሉም ጠቍሮ ዐይንና አፍንጫ አልለይ አለ። ብርሃኑ ከመጠን በላይ ገብቶ ነበር።

ልጁ ዝም ቢል የሚያውቅበት አልነበረም፤ መኪናው አርጅቷልና። ነገር ግን ባልቴቲቱ በማለዳ ከነጋዴዎች ጋር እንደምትመለስ ሰምቶ ነበር።

«ጌታዬ፥ ዘይት ያፈሰስሁበት እኔ ነኝ» አለ።

«ስንት ጠብታ?»

«አልቈጠርሁም።»

በዚያ ሌሊት ሊያጸዱት አልቻሉም፤ ዘይቱን የሚያለቅቀው ቤንዚን ነው፥ ቤንዚንም በፋኖስ አጠገብ አይከፈትም። ስለዚህ ልጁ በጨለማ ወደ ማደሪያዋ ሄዶ እስከ ቀትር ትቈይ ዘንድ ለመናት።

«ጥፋቱ የማን ነው?» አለችው።

«የእኔ ነው፥ እማማ።»

ሲነጋ ጌታው በነፋሻ ደጅ ተቀምጦ መስተዋቶቹን ፈትቶ አወጣ፤ ክዳኑንም በንጹሕ ቤንዚን ሦስት ጊዜ አጥቦ ፈጽሞ እስኪደርቅ ጠበቀ። በቅጠሎቹ ላይ ዘይት አይደረግም፤ ተነባብረው ስለሚሄዱ ይጣበቃሉ፥ የሚያንቀሳቅሳቸውም ሞላ ደካማ ነው። ዘይት የሚሹት የጥቃቅኑ መንኰራኵሮች ዘንጎች ናቸው፤ ያውም የሰዓት ሠሪ ዘይት፥ በመርፌ ጫፍ የተነካ ያህል ብቻ። ጌታው መርፌውን ለልጁ ሰጠው። እጁ ስለ ተንቀጠቀጠ ሁለት ጊዜ ጠርጎ እንደ ገና ጀመረ።

ከዚህ በኋላ ሰዓት አቅርበው አንድ ሴኮንዱን ደጋግመው አዳመጡ። ክዳኑ በጊዜው ተዘጋ።

ባልቴቲቱ ነጠላዋን አስተካክላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «እንግዲህ አንሣኝ፤ ነጋዴዎቹስ ሄደውብኛል» አለች።